የጎባው ጠገራ ብርና የእኔ አፍንጫ

ከሞኝነቴ ልጀምር፤ ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ብነግራችሁ ይሻላል። ከሁለት ዓመት በፊት መርካቶ ውስጥ አንድ የድሮ ብር በሦስት እጥፍ ዋጋ ገዛሁ። ዳርዳሩ ሰማያዊ፣ ገባ ሲል ወይን ጠጅ፣ መሀሉ ወርቅማ ነው። ብር ለብዙ ዓመት ሳይነካ ከተቀመጠ እንዲህ ያለ ቀለም ያወጣል። እኛ ሳንቲም ሰብሳቢዎች «ወዝ» እንለዋለን። ወዙ በራሱ ጊዜ የመጣ ከሆነ የብሩ ዋጋ ይወጣል። ሰው የሠራው ከሆነ ግን ብሩ ተበላሸ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጓደኞቼ ጋ ይዤው ሄድኩ፣ እንዲቀኑብኝ። ከመሀላችን ትልቁ ሰውዬ ብሩን አላየውም፤ አሸተተው። «መኮንን» አለኝ፣ «ይሄ ብር ከአንተ በፊት ቁርሱን በልቷል።» ለካ ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ፌስታል ውስጥ ታስሮ ያደረ ብር ነው። እንቁላል ውስጥ ድኝ አለ፤ ብር ደግሞ ድኝ ካገኘ በአንድ ሌሊት የመቶ ዓመት ሽማግሌ ይመስላል። አንድ ወር ሙሉ ሳቁብኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ ብር ሲያሳዩኝ በዓይኔ ሳይሆን በአፍንጫዬ ማየት ጀመርኩ።

ሥራዬ ሰዓት መጠገን ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን በኋላ ቤቱን ከሰማንያ ስድስት ሳንቲሞች ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። ሳንቲም ጥሩ ነው፤ አያኮርፍም። እንዴት አመሸህም አይልም።

ታዲያ አንድ ታደሰ የሚባል መምህር ከጎባ በቴሌግራም የሦስት ጠገራ ብር ፎቶ ላከልኝ፤ የዚያች የፈረንጅ ንግሥት መልክ ያለባቸው ናቸው። ቀለማቸው የፒኮክ ላባ ይመስላል። «አከራዬ የሚያውቅ ሰው እንዲያይላቸው ይፈልጋሉ» ብሎ ጻፈ። «ሊሸጡት አይደለም።» ወዝ በፎቶ አይፈረድም፤ መብራቱ ይዋሻል። ደግሞም አዲስ አበባ ውስጥ አትሂድ ብሎ የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ሱቄ በር ላይ «መጣሁ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩና ተነሳሁ።

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ከጎኔ የተቀመጠው ጎረምሳ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። አዳማ ስንደርስ አንድ ቀልድ ነገርኩት፣ አሰላ ስንደርስ ሌላ፣ ቦቆጂ ላይ በጣም ጥሩውን። ዶዶላ ልንገባ ስንል ማዳመጫውን ነቀለና «ምን አልክ ፋዘር?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ዶዶላ ጥብስ በሦስት መቶ ብር በላሁ። ሥጋው ትንሽ፣ ቃሪያው ብዙ፣ አስተናጋጇ ደግሞ ለሁለት ሰው የሚሆን እንጀራ አመጣችና «ሌላው ሰው ይመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። አይመጣም አልኳት። ከዚያ በኋላ መሬቱ ይከፈታል። ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው፣ እስከ ተራራው ግርጌ። ዲንሾ ላይ ሁለት የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ዳር ቆመው አየሁ። ለማን ላሳይ ብዬ ዘወር ስል ጎረምሳው ተኝቷል።

ሮቤ አሥር ሰዓት ላይ ገባን። ባጃጁ፣ የእህል መጋዘኑ፣ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርሰው ገበያተኛ፣ ከተማዋ ሞቅ ያለች ናት። አልጋ በስድስት መቶ ብር ያዝኩ። ማታ ስልኬ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ጥቅል ግዙ የሚል መልእክት ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ማክሰኞ፣ ጎባ

ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ብዙ አያስኬድም፤ ብርዱ ግን ሌላ አገር ነው። መምህር ታደሰ መናኸሪያ ጠበቀኝ። የጎጃም ልጅ ነው፣ ከሲታ፣ ሁለት ሹራብ ደርቧል። «አከራዬ እትዬ አስካለ ከሌሊት ጀምረው እየጠበቁህ ነው ጋሽ መኮንን» አለኝ። ቤታቸው አደረሰኝና ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ።

እትዬ አስካለ ስልሳውን የተሻገሩ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ጭኮ አቀረቡልኝ፤ በቅቤ የታሸ ገብስ፣ አንድ ማንኪያው እራት ይሆናል። እኔ እየበላሁ እሳቸው ነጭ መሐረብ ፈቱ። ሦስቱ ብሮች አሉ።

«ባለቤቴ ተሾመ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉ። «ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ጎባ ጎማ ሲጠግን ኖረ። እነዚህን ለእኔ ሲሰጠኝ «የእናቴ ናቸው፣ ካስቀመጥኳቸው እጅ አልነካቸውም» ብሎኝ ነው። ባለፈው የድሮ ብር የሚገዛ አንድ ሰው መጣና ቀለሙ የተቀባ ነው፣ ባልሽ ሊያታልልበት ነው የቀባው አለኝ።»

«ሊሸጡለት ነበር?»

«አይ። አሁንም አልሸጥም። ዋሽቶኝ ከሆነ ግን ልወቀው። ሌላ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ይልቅ የሰዓት ሠሪ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰካሁና ትልቅ ሐኪም መሰልኩ። የራሱ ወዝ ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው፤ ከወርቅማው ወደ ወይን ጠጁ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊው፣ ድንበሩ አይታወቅም። እነዚህ ግን ግማሻቸው ቀለም፣ ግማሻቸው ነጭ፤ መሀሉ በቢላ እንደተቆረጠ የግማሽ ጨረቃ መስመር። ነክረውት ያወጡት ነው የሚመስለው። ከዚያ አሸተትኩ። ድኝ። በጣም ደከም ያለ፣ ግን ድኝ። መርካቶ ትዝ አለኝ፣ ጓደኞቼ ትዝ አሉኝ። ሦስቱንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ቀና አልኩ።

«እትዬ» አልኩ፣ «እነዚህ ብሮች ቁርሳቸውን በልተዋል።»

አልሳቁም። «ማለት?»

«ብሮቹ እውነተኛ ናቸው። ቀለሙ ግን ሰው የሠራው ነው።»

«ከእሱ ሌላ የነካቸው የለም።»

ማጉያዬን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ይህም መልስ ነው። መሐረቡን ቀስ ብለው አጠፉት፣ አራት ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና አንድ ጊዜ። «ጭኮውን ጨርስ» አሉኝ። ጨረስኩት። 

ረቡዕ፣ ዝናብ

እስከዚህ ድረስ መጥቼ ከጎባ በላይ ያለውን የሰነቴን አምባ ሳላይ አልመለስም ብዬ ነበር የቀረሁት። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ጎባ በያዝኩት ሆቴል ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ቆርቆሮውን አዳመጥኩ። ሽሮ በላሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ የሚሠራ ነገር ስላልነበረ እንደገና ሽሮ በላሁ። የሆቴሉ ዘበኛ ከስር አልፎ አልፎ ያስላል። ሲያስል ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው አለ ማለት ነው። የእትዬ አስካለ መሐረብ አጠፋፍ ከዓይኔ አልሄድ አለ። «እውነቱን ነው የነገርኳቸው» እያልኩ ለራሴ ደጋግሜ ተናገርኩ። እውነት የያዘ ሰው ይሄን ያህል አይደጋግምም መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ሰነቴ

ጠዋት ወደ ዶሎ መና የሚሄድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ሾፌሩ ከድር ይባላል፣ አፉ የማያርፍ፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው። «አከም ቡልቴ ኦቦ» አለኝ፤ እንዴት አደርክ ማለቱ ነው። አራት ቀን ሙሉ እንዴት አደርክ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ስለሆነ ከሚገባው በላይ ረጅም መልስ ሰጠሁት።

ዳገቱ ሲያልቅ ሜዳ ነው፣ ከሰማይ ሥር የተነጠፈ ሜዳ። ዛፍ የለም። ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል ብቻ ጉሙ ውስጥ ተራርቆ ቆሟል፤ ሰው የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። መስኮቱን ዘጋሁ። ትንሽ እንደሄድን የኋላው ጎማ ተነፈሰ።

ከድር «አልሐምዱሊላህ፣ ቁልቁለቱ ላይ አልሆነም» ብሎ ከወንበሩ ሥር አንድ ጥቁር ከረጢት መዘዘና «ያዝልኝማ» አለኝ። መንጃ ፈቃዱ፣ ሊብሬው፣ የጎማ መለጠፊያው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ከረጢቱ በእጄ ላይ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው። ሽታው መጣ። አፍንጫዬ ጋ አስጠጋሁት።

«ምን ታሸታለህ?» አለ ከድር ክሪኩን እያስገባ። «ምሳ እኮ የለበትም።»

«ከምንድነው የተሠራው?»

«ከከመነዳሪ ነዋ። ከጎማ የውስጥ ላስቲክ። እዚህ ጉሙ ወረቀት ያበሰብሳል። ጋሽ ተሾመ ነፍሱን ይማረውና ለጎባ ሾፌር ሁሉ ሰፍቶ ሰጥቷል። ወላሂ ሳንቲም አልተቀበለኝም።»

«ለራሱስ?»

«የእሱማ ትልቅ ነበር። ያለውን ሁሉ እዚያ ነው የሚከተው። እኛ ባንኩ እያልን እንስቅበት ነበር።»

ላስቲክ የሚጠነክረው በድኝ ነው። ብርን ላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡ፣ ቀለሙን ይለውጠዋል የሚለውን ማንኛውም ጀማሪ ሰብሳቢ ያውቃል። እኔም ለሌሎች አስተምሬዋለሁ። ስልኬን አውጥቼ ሦስቱን ፎቶዎች አየሁ። የአንደኛው ነጭ ቦታ ድንበር ልክ የሌላኛው ብር ጠርዝ ነው፣ ክቡ ሳይጎድል ይገጥማል። እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ነበር የተኙት። ላስቲኩን የነካው ቀለም አወጣ፣ በጎረቤቱ የተሸፈነው ነጭ ቀረ። ማንም አልነከራቸውም። ጋሽ ተሾመ እንዳሉት እጅ አልነካቸውም።

ለታደሰ ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። የጎማው ጥገና ሲያልቅ ከድርን «እኔ እዚህ ልቅር» አልኩት።

«እዚህ? እዚህ ምን አለ?»

«የሚመለስ መኪና።»

ራሱን ነቀነቀና ግማሽ ዳቦ ሰጥቶኝ ሄደ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆምኩ። አንድ ቀይ ቀበሮ ከጉሙ ወጥቶ ጉድጓድ ለጉድጓድ አይጥ ሲፈልግ ቆየ፣ አንዴ አየኝ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ ሰው አጠገቤ ስለሌለ ብቻ አይደለም። አንዲት ሴት በእኔ ስህተት ባሏን እያማች እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ በከብት መኪና ጎባ ገባሁ። እትዬ አስካለ ግቢያቸው ውስጥ ነበሩ። በርጩማ ላይ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ጨርቁ ላይ ሦስቱ ብሮች እንደ አዲስ ጥርስ ነጭ ሆነው ይደርቃሉ። አጠገባቸው የተጨመቀ ሎሚና የአመድ ሳህን።

«ውሸቱን አጠብኩት» አሉኝ።

ቆሜ ነገርኳቸው፣ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ላስቲኩ፣ ሁሉንም። ፎቶውን አሳየሁ፣ ጠርዙ ከጠርዙ እንዴት እንደሚገጥም በጣቴ እየተከተልኩ። አሁን ወዙ እንደጠፋ፣ በእኛ ዕድሜ እንደማይመለስ፣ ከእንግዲህ ብሮቹ በክብደታቸው ብቻ እንደሚገመቱም አልደበቅኩም። ስልኩን ወስደው ብዙ ጊዜ አዩት።

«እና አልዋሸኝም?»

«አልዋሹም። የሌለ ነገር ያወራሁት እኔ ነኝ።»

ወደ ቤት ገቡና ከበር ጀርባ ከምስማር ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ከረጢት አውርደው መጡ። «ብትጠይቀኝ አሳይህ ነበር» አሉ። «መሐረብ ውስጥ ያደረግኳቸው እንግዳ ስለመጣ ነው፣ ላስቲክ ለእንግዳ አይቀርብም ብዬ።» ሦስቱን ብሮች አንድ በአንድ መልሰው ከተቱና ዳር ይዘው ተቀመጡ።

ካሳ ልክፈል ብዬ ጀመርኩ። እጃቸውን አነሱ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር አኩርፌው አድሬ አላውቅም። አንተ ሁለት ሌሊት አስኮረፍከኝ። የተሰቀለ ፎቶውን እንኳ ወደ ግድግዳ አዙሬው ነበር።»

ቀልድ ፈለግኩ፤ አልነበረኝም። «መቃብራቸው ጋ ሲሄዱ ይቅርታ ይበሉልኝ» አልኩ።

«እሁድ እሄዳለሁ» አሉ።  ጭኮም በፌስታል ቋጠሩልኝ።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ጨልሞ ገባሁ። ሱቄ በር ላይ «መጣሁ» የሚለው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው፤ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም። ቤቴ ገብቼ ሰማንያ ስድስቱን ሳንቲሞች አወጣሁና እያንዳንዳቸው ከእኔ በፊት የት እንደተኙ ለማስታወስ ሞከርኩ። የአራቱን ብቻ አውቃለሁ። ሌሎቹን ስገዛ ዋጋ ጠይቄያለሁ፣ አሽትቻለሁ፣ ተከራክሬያለሁ፤ የት ነበር የተቀመጠው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ከእንግዲህ የሚያሳየኝ ካለ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው፣ አፍንጫዬ ተራውን ይጠብቅ።

ሰኞ ረፋድ ላይ የአንድ ሰው ሰዓት ከፍቼ እየሠራሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጥቅል ግዙ የሚል መስሎኝ ልተወው ነበር።

«መኮንን፣ አስካለ ነኝ። ቁጥርህን ታደሰ ሰጠኝ።»

«እንዴት ነዎት እትዬ?»

«ደህና ነኝ። ትላንት ሄጄ ነገርኩልህ።»

«ምን አሉ?»

 ከኋላቸው ዶሮ ይጮኻል።

«ምንም አላለም» አሉኝ። «እሱ ድሮም ካልተቀየመ አይናገርም።»