ነጠላዬን ዘቅዝቄ የዋልኩበት ቀን

ባለቤቴና እኔ ከሰሃላ ተነስተን ሰቆጣ የገባነው በዐቢይ ጾም፣ የመውለጃዬ ቀን ሲቃረብ ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን ቤት ውስጥ አጥተናታል። ከሐኪም ርቀን ተወለደች፤ ሳታለቅስ ቀረች። በዚህኛው ቀድመን እንድንመጣ ባለቤቴ ወሰነ። እኔ ደግሞ ለማንም ሳልነግር ተሳልኩ። ጌታዬ፣ ይህን ልጅ በሕይወት ስጠኝ፤ እኔም እስክወልድ ድረስ ፀሐይ ሳትጠልቅ እህል ውሃ አልቀምስም አልኩ።

ጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡሮች ማረፊያ ክፍል አለው፤ እዚያ አደርኩ። ሲነጋ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ነጠላዬን በዳበሳ ለበስኩ። ነርሷ አየችኝና «ገና ነሽ፤ ወጣ በይና እግርሽን አፍታቺ» አለችኝ።

ባለቤቴ ደስ አለው። ሰቆጣን ሁለታችንም አይተናት አናውቅም።

«የድሮ ሹማምንት ቤት አለ ይላሉ፤ ባለ ድርብ ፎቅ። እሱን ሳላይ አልመለስም።»

«ቤቱ የትም አይሄድ። ቀስ በል» አልኩት።

ገና ከበሩ ስንወጣ ጎመን የተሸከመች ሴት ቆማ አየችኝና «እግዜር ያጥናሽ» ብላኝ አለፈች። ባለቤቴ ሳቀ።

«ከተሜ እርጉዝ የሚመርቀው እንዲህ ነው ማለት ነው።»

ቤቶቹ ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዱ ጣራው ወድቋል፤ በላይኛው መስኮት በኩል ሰማይ ይታያል። ባለቤቴ በየግድግዳው እየቆመ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ እኔ ሆዴን ይዤ እጠብቀዋለሁ። ሌላ ቀን ሳልነሳ የሚረግጠኝ ልጅ ዛሬ አልተንቀሳቀሰም። ቀኝ ጎኔን ጫን አደረግኩት፤ ምንም የለም። በአገራችን ሴት ስለ ፅንሷ የፈራችውን አትናገርም። ባለቤቴን ተከትዬ ሄድኩ።

አንድ ባጃጅ አጠገባችን ዘግየት አለ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «እናት፣ ለቅሶ ቤት ከሆነ ላድርስሽ፤ ሂሳብ አልቀበልም» አለኝ።

«የምን ለቅሶ?» አለ ባለቤቴ።

ሾፌሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየና አፍሮ ሄደ።

ወደ ገበያው ስንወርድ ጥሩምባ ተነፋ። ከአንድ ቀጭን መንገድ ለቀስተኛ ሴቶች ወጡ። ሲያዩኝ መሃላቸው ቦታ ለቀቁልኝ፤ አንዷ ክንዴን ያዘችና «አይዞሽ፣ ሁላችንም ሟች ነን» አለችኝ። እጄን አስለቅቄ ግድግዳ ተደገፍኩ። እኔ ያልተናገርኩትን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል ብዬ አሰብኩ።

ባለቤቴ መሳቁን ተወ። «ምን አይተውብሽ ነው?» አለኝ፤ የውሃ ኮዳውን ከፈተልኝ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ራሴን ነቅንቄ እምቢ አልኩ።

«እንግዲያው ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን እንመለስ።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንድ አረጋዊ ቄስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መስቀላቸውን ተሳለምን። ቀና ብለው አዩኝ።

«ማን ሞተብሽ ልጄ?»

እግራቸው ስር ተቀመጥኩ። «እንጃ አባቴ። ከነጋ አልተንቀሳቀሰም።»

እሳቸው «ቀምሰሻል?» አሉኝ። ስእለቱን ነገርኳቸው።

«ለእኔ ስጪኝ።»

«ምኑን አባቴ?»

«ስእለቱን። ካሁን ጀምሮ ጿሚው እኔ ነኝ፤ እስክትወልጂ እይዘዋለሁ። አንቺ ጠጪ።»

«እርስዎ አርጅተዋል፤ እንዴት ይሆናል?»

«ለሽማግሌ ምሳ ማን ያስታውሳል?» አሉና ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «አንተስ ፎቅ ፎቁን ስታይ ዋልክ። የሚስትህ ነጠላ ተዘቅዝቋል። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው፤ ሰው ሐዘንተኛ ናት ብሎ ነው።»

ባለቤቴ ነጠላዬን ገፍፎ አዙሮ አለበሰኝ። ሮጦ ከሱቅ በሶና ስኳር አመጣ፤ ኮዳው ውስጥ በጠበጠው። እያለቀስኩ ጠጣሁ። ጠበቅን። ምንም አልነበረም። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ወደ ሐኪም ሂዱ» አሉን። «ስትወልድ ግን ንገሩኝ።»

በባጃጅ ተመለስን። ባለቤቴ እህል ውሃ ሳልቀምስ መቆየቴን ለነርሷ ነገራት። ነርሷ በግራ ጎኔ አስተኛችኝና ማዳመጫውን ሆዴ ላይ አደረገች። አንድ ቦታ አዳመጠች፤ አነሳችው፤ ሌላ ቦታ አደረገች። ፊቷ ምንም አይናገርም። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያውን ያያል። ያን ጊዜ እጄን ከጣልኩበት ስር አንድ ነገር ገፋኝ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው። ደግሞ ገፋኝ።

«አለ» አለች ነርሷ። ትንፋሿን ስታወጣ ነው እሷም ፈርታ እንደነበር ያወቅኩት። «ነገ ደግሞ ጾሜ ነው በይኝ፤ አስሬ ነው የማበላሽ።»

እስክወልድ ቀናት አለፉ። በየምሳው ጎርሼ ስውጥ እኚያ አረጋዊ ትዝ ይሉኛል፤ ሙቀቱ ከብዶ ነበር። ምጡ ሌሊቱን ወስዶ ረፋድ ላይ ተገላገልኩ። አለቀሰች። ባለቤቴ ለቅሶዋን እንደሰማ ወጥቶ ሮጠ።

ያገኛቸው እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል አለኝ።

«ሴት ናት» አላቸው።

«እናቲቱስ?»

«ደህና ናት።»

አማተቡ። ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው «ኮዳህን ይዘሃል?» አሉት።