ቄስ ሐብተ ማርያም መስማት የጀመሩበት ዓመት

የጎንደር ቁስቋም ሰፈር ሰው ስለ ቄስ ሐብተ ማርያም ሲያወራ «ቀኖናቸው ቀላል ነበር» ይላል። ሌላ ቄስ ዘንድ ቢሄድ ረጅም ጾም የሚጠብቀው ሰው፣ እሳቸው ዘንድ ሲመጣ ጥቂት ስግደትና «በርታ ልጄ» ተቀብሎ ይመለሳል። የንስሐ ልጆቻቸው ከአራዳ ነጋዴ እስከ ድብ ባሕር ገበሬ ነበሩ፤ በየዓመቱም ይበዙ ነበር። የበዙት ግን በደግነታቸው ብቻ አልነበረም። ቄሱ ጆሯቸው እየደከመ ነበር።

መጀመሪያ የጠፋባቸው የወፍ ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ የልጅ፣ ቀጥሎ የሴት። ቅዳሴውን በልባቸው ስለሚያውቁት ብዙ አልተቸገሩም፤ ተራቸውን ከዲያቆኑ አፍ እያዩ ይይዙ ነበር። የከበዳቸው ንስሐው ነው። ጆሮው ለደከመ ሰው ገበያ ላይ ይጮኹለታል። ኃጢአቱን የሚጮኽ ሰው ግን የለም። ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከጥዱ ሥር ይንበረከክና ያንሾካሹካል። እሳቸው መስቀሉን ራሱ ላይ አሳርፈው ከንፈሩን ያያሉ። ከንፈሩ ሲቆም «ሌላስ?» ይላሉ። ደግሞ ሲቆም የፊቱን ክብደት መዝነው ቀኖና ይሰጣሉ።

«ቀርባችሁ ከነገራችሁኝ እሰማለሁ» ይሉ ነበር። እውነት አለመሆኑን የሰፈሩ ሰው ያውቃል፤ አንዳንዱማ የሚመጣው ስለማይሰሙ ነው። ከሩቅ የሚመጣው ግን ያምናቸው ነበር። ይህ ሁሉ ለቄሱ የተሰወረ አልነበረም። አንድ ቀን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የዓለምወርቅ፣

«ጉድጓድ ሆኛለሁ» አሉ። «ሰው ጥራጊውን ደፍቶብኝ ይሄዳል።»

«ምነው አንቱ! ታዲያ ለሌላ ቄስ አይሰጧቸውም?»

እሱን አልቻሉም። ከክህነታቸው ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቁም። የንስሐ ልጆቻቸው ከሄዱ ምን እንደሚሆኑ ማሰብ ራሱ ያስፈራቸው ነበር።

ልጃቸው ፀደይ አራዳ የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። አባቷን ሐኪም ዘንድ ወስዳ አስመርምራቸዋለች፤ ነገር ግን በልክ ተስተካክሎ የሚሰጠው መሣሪያ ከቤታቸው አቅም በላይ ሆነ። ከዚያ በስልኳ ስታስስ ርካሽ የጆሮ መስሚያ አገኘች። ሥዕሉ ላይ አንድ ሽበታም ፈረንጅ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ከሥሩ የገዙት ሰዎች አመስግነዋል። አዘዘች። አዲስ አበባ ደርሶ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ጎንደር ገባ፤ ከባቄላ ፍሬ ትንሽ የሚበልጡ ሁለት ነገሮች፣ ቀጭን ቱቦና የላስቲክ ጫፍ ያላቸው፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞሉ። ድምፅ መጨመሪያቸው አንዲት ቁልፍ ብቻ ናት።

ፀደይ ጆሯቸው ውስጥ ካስገባችላቸው በኋላ፣

«አባዬ፣ ይሰማል?» አለች።

«ምነው ትጮኺያለሽ?» አሉ ቄሱ። አልጮኸችም ነበር።

በዚያ ቀን ቤቱ ሁሉ ተነሣባቸው። የቆርቆሮው መንኳኳት፣ ውሃ ከጀሪካን ሲቀዳ፣ የራሳቸው ማኘክ። ሽሮው ሲንተከተክ ሰምተው «ማነው የመጣው?» አሉ። መስሚያው ሩቅና ቅርብ አይለይም፤ ሁሉንም እኩል ያጮኸዋል። ጥምጣማቸው ሲጫነው ደግሞ ያፏጫል። ስለዚህ ከጆሯቸው በላይ ከፍ አድርገው መጠምጠም ጀመሩ። ይህን ያየ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አስናቀው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ፣

«አባ፣ ኳስ ነው የሚሰሙት? ማን አገባ?» አለ ለጓደኞቹ እየጠቀሰ።

«አንተን ነው የምሰማ። በራስህ ላይ ነው የምታገባው።»

ጓደኞቹ ሳቁ፤ አስናቀው ግን ደነገጠ። ስንት ዓመት ሙሉ ጀርባቸው ላይ ሲቀልድ መልስ አግኝቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ቄሱ ሲያልፉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

እሳቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ጫጫታው ራስ ምታት ቢሆንባቸውም «ዘንድሮ ልጆቼን እሰማለሁ» እያሉ ኅዳር ስድስትን፣ የቁስቋምን ንግሥ፣ ይጠብቁ ጀመር። በዚያ ቀን ገጠር ያሉት ሁሉ ይመጣሉ።

ከነሱ አንዷ የድብ ባሕሯ ሐረገወይን ናት። አባቷ የቄሱ የንስሐ ልጅ ነበር፤ ሲሞት እሳቸውን ወረሰች። አጨዳውን ለባሏ ትታ በየዓመቱ ለንግሡ ትወርዳለች። የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ቀኖናዋን ተቀብላ መስቀል ተሳልማ ስትነሣ ፊቷ ይበራል። ቄሱም ይህን ፊት ያውቁታል። ቃሏን ግን አንድም ቀን አልሰሙትም።

የዚያን ቀን ከጥዱ ሥር ተንበረከከች። መስቀሉን ራሷ ላይ አደረጉ። ነፋስ መስሚያው ላይ ይነፍሳል፤ ከማዶ ከበሮው ይመታል። ስትጀምር ግማሹ ቃል ጠፋባቸው። ድሮ ቢሆን ያልፉት ነበር። አሁን ግን ልስማት አሉና፣ በነጻ እጃቸው ቁልፏን አንዴ፣ ደግመው፣ እስከ መጨረሻው ተጫኑ።

ልክ ያን ጊዜ ከበሮው ዐረፈ። ሹክሹክታዋ ጆሯቸው ውስጥ እንደ ጩኸት ገባ።

ያለችው ነገር እዚህ አይጻፍም። የንስሐ ነገር ነው፤ ቄሱም ለማንም አልተናገሩትም። የሆነው ግን ይህ ነው። ወደ ኋላ ሸሹ። መስቀሉ ከራሷ ላይ ተነሣ።

ሐረገወይን ቀና አለች። «ምነው አባ?»

«ይሄ ነገር... ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች። «በየዓመቱ የምነግርዎት ነው እንጂ።»

ዐይኗ ጆሯቸው ላይ ወዳለው ነገር ሄደ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም።

«አምና ምን አልኩዎት?»

ቄሱ መስቀሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ካቻምናስ አባ?»

«ልጄ...»

«ታዲያ የፈቱኝ ከምንድን ነው?»

ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። መስቀል ሳትሳለም ሕዝቡ መሃል ገባች።

ቄሱ ከዚያ በኋላ መስሚያውን አውልቀው ሣጥን ውስጥ ጨመሩት። ፀደይ ያልተመቻቸው መስሏት «ደኅናውን ብገዛ ኖሮ» እያለች ትጸጸት ነበር። እሳቸው አላስረዷትም፤ ማስረዳትም አይችሉም። መስሚያውን ፈርተው የራቁት የሰፈሩ የንስሐ ልጆች የቄሱ ጆሮ ባዶ መሆኑን ሲያዩ ተመልሰው መጡ። ቄሱም እንደ ድሮው ከንፈር ያዩ ጀመር። አሁን ግን ከንፈሩ ሲቆም «ሌላስ?» ለማለት አፋቸው ይከብዳቸዋል።

ታኅሣሥ ላይ የድብ ባሕር ገበሬ የሆኑት አያ የሻው ገብስ ሊሸጡ ወርደው ሊሳለሟቸው መጡ። ቄሱ መስሚያውን ከሣጥኑ አውጥተው አደረጉና ስለ ሐረገወይን ጠየቁ።

«ሸጋ ናት፤ አዝመራውም ሸጋ ነው» አሉ አያ የሻው። ከዚያ ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ብቻ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ከአጥር ውጭ ነው የምትቆም። ቁርባኑንም ትታለች። ምን እንዳገኛት እንጃ።»

ቄሱ በማግስቱ መስሚያውን እንዳደረጉ ሚኒባስ ተሳፍረው ድብ ባሕር ወጡ።

ባሏ አውድማ ላይ ነበር። በሬ የሚነዱት ሰዎች ድምፅ ቤት ድረስ ይሰማል። ሐረገወይን ደንግጣ ተቀበለቻቸው፤ መደቡ ላይ ቁርበት አንጥፋ አስቀመጠቻቸው፣ ጠላና ቆሎ አቀረበች። የምትናገረው በዝግታ ነበር፤ እሳቸውም አንድ ቃል አላመለጣቸውም።

«ልጄ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ።»

«አባት ከልጁ ይቅርታ አይጠይቅም። ጠላውን ይቅመሱ።»

«ዕቃው ነው። ርካሽ ነው፤ ሹክሹክታውን ነጎድጓድ አርጎ ነው የሚያስገባ። የሸሸሁት ከድምፁ ነው።»

«እሺ አባ። ከድምፁ ነው።»

እንዲህ ስትቀበላቸው የባሰ ከበዳቸው። የሸሹት ከድምፁ ይሁን ከነገሩ፣ እሳቸውም ቢሆኑ እርግጠኛ አልነበሩም። ከንግሡ ቀን ጀምሮ ያንን ቅጽበት ስንት ጊዜ መልሰው አይተውታል፤ አንድ ቀን ይሄ፣ አንድ ቀን ያ ይመስላቸዋል። ኃጢአት በጆሮ ሲሰማ እንዴት እንደሆነ ረስተውት ነበር።

«እኔ ባልሰማሽም እግዜር ሰምቶሻል» አሉ። «የሚፈታው እሱ ነው።»

«እግዜርማ ማሳ ላይም ይሰማኛል።» ቆሎውን ወደሳቸው ገፋ አደረገችው። «ያን ሁሉ መንገድ የምወርድ ሰው እንዲሰማኝ ነበር። ይህን ሰምቶ ያልተጸየፈኝ አንድ ሰው አለ እያልኩ ነው ስኖር የቆየሁ። ባሌ ቢሰማ፣ ጎረቤት ቢሰማ ምን ይለኛል ስል፣ አባ ሰምተው ‹በርቺ ልጄ› ብለውኛል እል ነበር።»

ቄሱ የያዙትን ጠላ አስቀመጡ።

«አሁን ልስማሽ» አሉ። «እዚሁ። በደንብ ልስማሽ።»

«ፊትዎን አይቼዋለሁ አባ።»

«ሌላ አባት ልፈልግልሽ? ደግ ሰው አውቃለሁ።»

«ገና ነኝ። አፌ እምቢ ብሎኛል።» ተነሥታ ጎድሎ ያልነበረውን ዋንጫ ልትሞላ እንስራውን አነሣች፤ መልሳም አስቀመጠችው። «መኪናው እንዳያመልጥዎት።»

እስከ አስፋልቱ ሸኘቻቸው። መንገድ ላይ ስለ ገብሱ አወራችላቸው፤ ዝናቡ በጊዜ እንደወጣ፣ የዘንድሮው ምርት እንደማይከፋ። እሳቸውም እየሰሙ «ተመስገን» ይሉ ነበር። ከደባርቅ የመጣው ሚኒባስ ሲቆም ደግፋ አሳፈረቻቸውና፣ መስሚያው ጆሯቸው ላይ እንዳለ እያየች፣ ወደ ረዳቱ ጠጋ አለች።

«እኚህ አባት ጆሯቸው አይሰማም» አለችው ቀስ ብላ። «አደራ፣ ቢጠሯቸው አይሰሙምና ቁስቋም መታጠፊያው ሲደርስ በእጅህ ነክተህ አውርድልኝ።»

ቄሱ ከወንበሩ ላይ ሆነው ሰሙ። ዞር ብለው አዩዋት፤ እሷም አየቻቸው፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

«እሺ እናቴ» አለ ረዳቱ ከኋላዋ።

አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ሰላምታ ሰጣቸው። ከየት እንደመጡ ጠየቃቸው፤ ደግሞ ጠየቃቸው። ቄሱ ቢሰሙትም እንደማይሰማ ሰው ወደ ፊት ያዩ ነበር። ቁስቋም መታጠፊያው ላይ ረዳቱ «ወራጅ!» ብሎ ሲጮኽም አልተንቀሳቀሱም። መጥቶ ትከሻቸውን እስኪነካቸው ጠብቀው ወረዱ።