ጭላሎ ሲጠቁር

አያቴን «አኮ» ነበር የምንላቸው። አሰላ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የጭላሎን ተራራ ያያሉ። ጫፉ ላይ ዳመና ሲጠቁር «ልብሱን አስገቡ!» ይላሉ፤ ሮጠን ከገመዱ እናወርዳለን። ማድረቂያ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ስገዛላቸው እንኳ «ልጄ፣ አላህ ፀሐይ ሰጥቶን መብራት ማባከን ምን ይባላል?» ብለው የላላውን ገመድ አስጠበቁኝ።

አኮ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን፣ ከአርቦዬ የመጡ ዘመዶች የተኙበትን አንሶላ አጥበን አሰጣን። ዝናቡ ወረደ። ቤት ሙሉ ሰው እያለ አንድም የተነሳ የለም። ለካ ሁላችንም የአኮን ድምፅ ስንጠብቅ ኖሯል።

እህቴ የራሰውን አንሶላ ይዛ ወደ ማሽኑ ስትሄድ «ተይው» አልኳት። ዝናቡ ሲያባራ ጨምቀን መልሰን አሰጣነው። ከዚያ ከባዶ ወንበራቸው አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ጭላሎን ማየት ጀመርኩ።