በመካከላቸው የተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር

አባቴ የመናዊ ነበር፤ ደሴ፣ ሆጤ ላይ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ እየጠበሰ የሚሸጥ። እናቴ የሐርቡ ገበሬ ልጅ ናት። አባቴ እዚህ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘው የእሷ ባል በመሆኑ ነው። በየዓመቱ ፈቃዱ ሲታደስ አብራው ቢሮ ትሄድና «ባሌ ነው» ብላ ትመለሳለች። ለእኔ ያ ቀን ሁለቱም አጊጠው የሚወጡበት ቀን ነበር፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

ያጣላቸው የእኔ ትምህርት ነው። እናቴ ሳታማክረው አንደኛ ክፍል አስገባችኝ። ከአስተማሪዋ እኩል ቁመት ነበረኝ። እሱ ደግሞ ለአንድ ያገሩ ሰው ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ ኖሯል።

«ይኸ ግመል ከሕፃን ጋር ሀ ሁ ይላል?» አለ፣ ሙሸበክ ሊገዙ በቆሙት ሰዎች ፊት።

«አንተም ብትማር ኖሮ ይኸን ሁሉ ዘመን ሚስትህን እንደ ወንድ ‹አንተ› እያልክ ባልጠራሃት!» አለችው።

ገዢዎቹ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያባራ አባቴ እናቴን በዐረብኛ ሦስት ጊዜ ፈታት።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሳይደርስ ተጸጽቶ ነበር። ሸኹ ግን የተነገረው ተነግሯል አሉ። ሌላ ባል አግብታ፣ ያም ባል በገዛ እጁ ካልፈታት ወይም ካልሞተባት በቀር ለአባቴ አትመለስም። እናቴ እኔን ይዛ ኮምቦልቻ ወንድሟ ቤት ገባች።

ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ አባቴ መጥቶ ከአጎቴ ደጅ ቆመ። እናቴ ከበሩ ጀርባ ሆና በእኔ በኩል አነጋገረችው።

«አንድ ጊዜ ብቻ እናትህ አብሮኝ ይግባ በለው። አለዚያ ያባርሩኛል።»

«መጥቼ እቀመጣለሁ በዪው። አልዋሽም፤ አላጋልጥምም።»

ደሴ ወጣን። ቢሮው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። አባቴ ከአንዱ ጫፍ፣ እናቴ ከሌላው፣ እኔ መካከል ተቀመጥን። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ካኪ የለበሰው ሹም አባቴን ያውቀው ኖሮ ፈገግ አለ። «አባ ሙሸበክ! ስኳሩን ቀበሌ በራሽን ቢያድለውም ጣፋጭነቱ አልቀነሰም አሉ!» ማኅተሙን አንስቶ ሳለ ወደ እናቴ አየ። አንዴ አይቶ አልተወም፤ ደግሞ አያት። ፈገግታው ጠፋ።

«እኔ የቃሉ አውራጃ ልጅ ነኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴ ከባዕድ እንጂ ከአባቴ ተሸፍና አታውቅም። ፈተዋት ነው?»

እናቴ ነጠላዋን ዝቅ ብታደርግ ይበቃ ነበር። አላደረገችም፤ ለእሷ ከእኔ ወዲያ የተቀመጠው ባዕድ ወንድ ነው።

«በሉ፣ ወላሂ ሚስቴ ናት ይበሉኝና ልምታው። ከዚያ ወዲያ የእርስዎና የአላህ ጉዳይ ነው።»

«ወላሂ» አለ አባቴ። ቀሪው አልወጣውም። ሹሙ ጠበቀው። ከዚያ ማኅተሙን አስቀመጠ።

«ፈቃዱ በሚስት የተሰጠ ነው። ሚስት ከሌለች እኔ ምን ላድርግ?»

ከአገር የሚወጣበት ቀን ተቆረጠለት።

አባቴ የሚሄድበት የአሰብ አውቶቡስ ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻ፣ በአጎቴ ደጅ ያልፋል። እኔ መንገዱ ዳር ቆምኩ። እናቴን ነይ ውጪ አልኳት።

«ባዕድ ፊት?» አለች ከበሩ ጀርባ።

አውቶቡሱ አልቆመም። አባቴ በመስኮቱ እጁን አወጣ፤ የሚለው ነገር ነበረው፤ አልሰማሁትም።

«በየት በኩል ተቀምጧል?» አለችኝ።

«በእኛ በኩል።»

ዘወር ብዬ አየኋት። በጨለማው ጓዳ ብቻዋን ቆማ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባዋለች። አቧራው ከበረደም በኋላ አላወረደችውም።