ግዙፉን ሰላም ብለኸዋል?

ከሚሴ ውስጥ አንድ ጌም ቤት አለ። እኔ የልጆች አባት፣ ከሥራ ስወጣ እዚያ ገብቼ ሰይፍ እመዛለሁ፤ አትሳቁ። የምጫወተው ጌም ዓለሙ ሰፊ ነው። ፈረስ ላይ ወጥተህ ወዳሻህ ብትጋልብ የሚከለክልህ የለም፤ ሜዳውማ ከክረምት በኋላ የሚለመልመውን የእኛን የጨፋ ሜዳ ነው የሚመስለው። ክፋቱ፣ ምን አድርግ ብሎ አይነግርህም። ዝም ብሎ ይገድልሃል።

አንድ ድልድይ ላይ የቆመ ግዙፍ ሰውዬ ሳምንት ሙሉ ገደለኝ። እየሮጥኩ ሄጄ እመታዋለሁ፤ አንዴ ዱላውን ሲያቀምሰኝ ወንዝ ውስጥ ነኝ።

ያን ቀን ከሰንበቴ ገበያ የተመለሱ አንድ የግመል ነጋዴ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ገብተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ደጋግሜ ስሞት ቢያዩ አላስቻላቸውም።

"ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አደረገህ?"

"የድልድዩ ጠባቂ ነው አባባ፤ አላሳልፍም ብሎኝ ነው።"

"ሰላም ብለኸዋል?"

"እ?"

"አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ኦልቴ፣ ከብቱ ደህና... ምንም? እንዲሁ በሰይፍ?"

ለካ ጆይስቲኩ ላይ ማናገሪያ ቁልፍም አለ! አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። ሰይፌን ከትቼ፣ ቀስ ብዬ ቀርቤ ተጫንኩት። ግዙፉ ዱላውን አወረደና ጎንበስ ብሎ መንገዱን ለቀቀልኝ።

"አልሃምዱሊላህ!" ብዬ ዘለልኩ። ላመሰግነው ያንኑ ቁልፍ ልደግም ስል ግን ጣቴ የለመደውን ተጫነ። ሰይፌ ጉልበቱ ላይ አረፈ። ተመልሼ ወንዝ ገባሁ።

ነጋዴው ስልካቸውን ነቅለው ተነሡ።

"አሁንስ ወላሂ፣ እውነቱ ከእሱ ጋር ነው!"