ብርድ ነው አልኳት

እህቴ ለቤት ሠራተኝነት ቤሩት ከሄደች ወዲህ፣ እሁድ እሁድ ከዲላ በሚኒባስ ወናጎ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እናቴ ከጸሎት ቤት ስትመለስ ከእንሰቱ ጓሮ ወጣ ብለን፣ ኔትወርክ የሚገኝበት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። ኔትወርኩ ቪዲዮ አይችልም፣ ድምፅ ብቻ ነው። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አታደርግም፤ እንደ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ትጮህበታለች። እኔ በመሃል አንድ ሁለት ቃል ጣል አደርጋለሁ። ስልክ ላይ ማውራት ከድሮም ያስፈራኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አብራኝ ለምታድረው ልጅ እንኳ ከመደወል መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

አንድ እሁድ የእህቴ ድምፅ ሳስቶ መጣ።

"ምን ሆነሻል?" አለቻት እናቴ።

"ብርድ ነው እማዬ። ጎኔን ይዞኛል።"

"በባዶ እግርሽ ሴራሚክ ላይ ቆመሽ ስታጥቢ ነዋ። ብዬሽ ነበር እኮ።"

"ብለሽኝ ነበር።"

እኛ ዘንድ ብርድ የአየሩ ብቻ አይደለም። ወገብ ቢይዝ ብርድ ነው፣ ጎን ቢወጋ ብርድ ነው፣ ሴት ልጅ አፍ አውጥታ የማትናገረው ሕመምም ብርድ ነው። ቃሉን እንሰማና የቀረውን ከፊቷ እናነባለን። እሁድ እሁድ ግን ፊቷን አናየውም።

"ማዳም ጥሩ ሴት ናት" አለች እህቴ። "ሌላ ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ። ተደራርቦብኝ መገላበጥም አቅቶኛል።"

"ለጎንሽ ነው ብርድ ልብስ?" አልኳት።

"ብርድ ነው አልኳታ። ሚጢዬ፣ አረቦቹም እኮ 'ብርድ' ነው የሚሉት። ሳልማር የማውቀው አንድ ቃል እሱ ብቻ ነው።"

ስትናገረው ኩራት ቢጤ ነበረባት። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ። ያ ቃል ከእሷ አፍ የጎን ውጋት ሆኖ ወጥቶ፣ ማዳም ጆሮ ሲደርስ የአየር ቅዝቃዜ ሆኗል። ሁለቱም ተግባብተናል ብለው ተለያይተዋል።

"ያንቀጠቅጥሻል?"

"አዎ። ከዚያ ያልበኛል።"

"ሽንትሽስ?"

መልሱን ትታ "እማዬ አጠገብሽ አለች?" አለችኝ።

እናቴ ሰምታለች። "ዶሮዎቹን ልያቸው" ብላ ስልኩን ሰጥታኝ ተነሣች። ዶሮ ማርባት ካቆምን ቆይተናል።

እህቴ ነገረችኝ። ሐኪም ቤት ለምን እንዳልሄደች ስጠይቃት ሁለት ምክንያት ሰጠችኝ፤ ይህን በአረብኛ የምትልበት ቃል የላትም፣ የመኖሪያ ወረቀቷም አልታደሰም። ካርድ ሲያወጡልኝ ወረቀት ይጠይቁኝና ያስይዙኛል ብላ ትፈራለች። ማዳምም ያንኑ ትፈራለች። እዚያ ብዙ ዘመን የኖረች አንዲት ያገራችን ሴት አለች፤ ከጓደኞቿ ጋር እንደ እድር ሆነው የታመመ ይዘው ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። እህቴ የሴትየዋን ስልክ ቁጥር ካገኘች ከርማለች። ግን "ለብርድ ሰው አላስቸግርም" ብላ አልደወለችላትም።

ቁጥሩን ተቀብዬ ለሴትየዋ ጻፍኩላት። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። መልሱ በድምፅ መጣ። "የኔ እህት፣ እጄ ሳሙና ነው፣ ማንበብ አልችልም። ደውዪ።"

ደወልኩ። በረጅም ሰላምታና በይቅርታ ጀመርኩ።

"ይቅርታውን ለኋላ አቆዪው" አለችኝ። "ምኗን ነው?"

"ብር..." አልኩና ቃሉን ዋጥኩት። "ጎኗን፣ በቀኝ፣ ከጀርባ በኩል። ያንቀጠቅጣታል። ሽንቷን ያቃጥላታል።"

በዚያች ቅጽበት ባጃጅ ሲያልፍ ስለነበር የመጨረሻውን ጮኬ ነው ያልኩት። ሙዝ የተሸከመ ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ጊዜ ቢኖረኝ አፍር ነበር።

"እንኳን ብርድ አላልሽኝ" ብላ ሳቀች ሴትየዋ። "እዚህ ለሚመጡት ሁሉ ብርድ አትበሉ፣ በጣታችሁ አሳዩ ነው የምላቸው። እነዚህ ብርድ ስትያቸው ሻይ ነው የሚያፈሉልሽ።" ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ይሄ ግን አያድርም። ወረቀት የማይጠይቅ ክሊኒክ አለ። ለማዳሟ እኔ እደውልላታለሁ። አንቺ እህትሽን አትፍሪ በያት።"

ከእነዚያ ከሌሉት ዶሮዎች እናቴ ተመለሰች።

"ማን ጠየቃት?" አለችኝ።

ቤታችን ሰው ታሞ ሲተኛ ጎረቤት ይሞላል። አንዷ አጥሚት ይዛ ትገባለች፣ ሌላዋ እግሩን ታሽለታለች፣ ሌላዋ ምንም ሳትል ትቀመጣለች። እናቴ የጠየቀችኝ ይህን ነው። እኔ ግን ጥያቄውን በሌላውም ትርጉሙ ሰማሁት። ምንሽን ነው፣ የቱ ጋ ነው ብሎም እስከዚያ ቀን የጠየቃት አልነበረም።

በማግስቱ፣ ከማስተምርበት ክፍል ስወጣ የሴትየዋ ድምፅ ስልኬ ላይ ደርሶ ነበር። ማዳም ራሷ በመኪናዋ ወስዳታለች። ሴትየዋ ከሥራ መውጣት ስላልቻለች የእህቴ ስልክ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስታስተረጉም ነበር። ኢንፌክሽኑ ኩላሊቷ ደርሷል። ትንሽ ቢቆይ ይከፋ ነበር ብሏል ሐኪሙ። መርፌ ጀምረውላታል። ማዳም ነገሩ ሲገባት፣ የደራረበችላትን ብርድ ልብስ አስባ ነው መሰለኝ፣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች አሉ። በረንዳው ላይ ቆሜ መልእክቱን ደግሜ ሰማሁት። ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

በሚቀጥለው እሁድ እናቴ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ "ጠያቂ መጣ?" አለች።

"ያገራችን ሴቶች መጡ እማዬ። አጥሚት ይዘው መጡ። ማዳም ሻይ አፈላችላቸው።"

እናቴ ስልኩን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተነፈሰች።

"ሚጢዬ" አለች እህቴ፣ "ኩላሊትን ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ? ኪልዌ። ይመሳሰላል አይደል?"

"ይመሳሰላል።"

"እንግዲህ አላምነውም። በጣቴም አሳያቸዋለሁ።"

"ብርድ አይደለም ነው የምትሉኝ?" አለች እናቴ።

"ኩላሊት ነው እማዬ" አልናት ሁለታችንም።

"እሱማ ገባኝ። ኩላሊቷን ብርድ መትቷት ነው።"

እህቴ ከወዲያ ማዶ ሳቀች፤ ጎኗን ሳትይዝ መሳቋን ከድምፅዋ አወቅኩ። እናቴንም ተውናት።