ሞጣ ያለው ትልቁ ሸራ

ቢቸና ውስጥ የተበላሸ ቴሌቪዥን የሚያድን ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉን በራሴ ቆጠርሁ፤ እንግሊዝኛውንም ከመዝገበ ቃላትና ከሬዲዮ ለቅሜ አወቅሁት። ከሌላ አገር ተመድበው የሚመጡት መምህራን እንኳ የት እንደተማርሁ ይጠይቁኛል። በዚህ ዕድሜዬ ጣራ ላይ ወጥቼ ዲሹን ያቆምሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ጎረምሶቹ ፊልም ለማየት ሞጣ ድረስ ሲሄዱ እስቅባቸው ነበር። ሰው ቤቱ መደብ ላይ ጋደም ብሎ ማየት ሲችል፣ በሚኒባስ ተንገላቶ የሰው ማጅራት ሊያይ ይሄዳል?

የባለቤቴ ዓይን ግን ደከመ። ሐኪሙ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ በቀስ እንደሚሄድ ሳይሸሽግ ነገረን። ከዚያ ወዲያ ቴሌቪዥኑ ፊት በርጩማ አስጠግቼ አስቀምጣት ጀመር። መስታወቱን በአፍንጫዋ ልትነካ ምንም ሳይቀራት የሰው መልክ አልለይ አላት። እኔ አጠገቧ ሆኜ ማን ገባ፣ ማን አለቀሰ እያልሁ እነግራታለሁ።

አንድ ቀን፣ ሞጣ አዳራሽ ውስጥ የሚሰቀለው ሸራ ግድግዳ ያህላል ሲባል ሰማች።

«ፊት ግድግዳ ካከለ ምናልባት ይታየኝ ይሆናል» አለችኝ። «አንድ ጊዜ የሰው ፊት ልይና ይብቃኝ።»

የብርሃንን ነገር የማውቅ ሰው ነኝና ተስፋው ቀጭን እንደሆነ ገብቶኛል። እምቢ ለማለት ግን አፌ አልታዘዘኝም። ሄድን።

ከፊት ተቀመጥን። ፊልሙ የውጭ አገር ስለነበር በጆሮዋ እተረጉምላት ጀመር። ከኋላችን አንዱ ጎረምሳ «አባባ፣ ወይ ዝም ይበሉ፣ ወይ ለሁላችንም ይተርጉሙ» አለና ሰውን አሳቀብኝ። ሊያሾፍ ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ድሮ በየቪዲዮ ቤቱ እንዲህ የሚተረጉም ሰው ይቆም ስለነበር ትልልቆቹን አልገረማቸውም። አዳራሹ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። የሚያስቀው ቦታ ላይ ሁሉም በአንድ ላይ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከሰማሁ ብዙ ቆይቼ ነበር።

ኋላ የአንዲት ሴት ፊት ሸራውን ሞላው። ትርጉሜን አቁሜ ወደ ባለቤቴ ጎንበስ አልሁ።

«ይኸው፣ አሁን ፊት ነው። ታየሽ?»

አንገቷን አስግጋ ፈለገች።

«ብርሃን አለ» አለች። «ፊት ግን የለበትም።»

ከዚያ እጄን ነካ አድርጋ ሰው እየጠበቀ ነውና ይቀጥሉ አለችኝ። ቀጠልሁ።

ስንመለስ ሌላ ቀንም እንድወስዳት ለመነችኝ። ምን ሊረባሽ ብላት፣ ቤት ውስጥ የማታየው እሷ ብቻ እንደሆነች፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ሁሉም ጨለማ ላይ ተቀምጦ አብሮ እንደሚስቅ ነገረችኝ። ደጋግመን ሄድን።

አሁን መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው፤ ሞጣን ካየን ቆየን። ዓይኗም ብርሃኑን መለየት ትቷል። ቴሌቪዥኑን ልክፈትልሽ ስላት ይቅርብኝ ትለኛለች፤ ይልቅ ያንኑ የሞጣውን ፊልም በቃልዎ ይንገሩኝ ትላለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ እነግራታለሁ። እንደኔ የሚያስታውስ የለም፤ አንድ ቃል አላስቀርም። የሚያስቀው ቦታ ላይ ስደርስ ሁለታችንም እንጠብቃለን። ቤቱ ዝም ይላል።